እዚያስ ለምን አልሆነም?

በ1840ዎቹ በቪየና ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው ክፍል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ያዋልዳሉ። በሁለተኛው አዋላጆች። ከ1841 እስከ 1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 10 የሚጠጉት ሞተዋል። በሁለተኛው ግን 4 እንኳ አልሞሉም። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። ነገሩ በከተማው ታውቋል። አንደኛው ክፍል የደረሳቸው እናቶች ወደ ሁለተኛው እንዲወስዷቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

የዘመኑ ሐኪሞች «የአራስ ትኩሳት ከምን ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ ሞልቶ ተርፏል። ከአየሩ ነው፣ ከወቅቱ ነው፣ ከመጨናነቅ ነው፣ ከፍርሃት ነው። በ1846 በአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ሥራ የጀመረው ኢግናዝ ዜመልቫይስ ግን ጥያቄውን ትንሽ አዞረው። እዚህ እንዲህ የሚሞቱት፣ እዚያስ ለምን አይሞቱም?

«እዚያስ» የምትለው ትንሽ ቃል ስንቱን መልስ ጠራርጋ አወጣችው። አየሩ እንዳይባል፣ ሁለቱም ክፍሎች አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። መጨናነቅ እንዳይባል፣ ይበልጥ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነው። ሁሉም ወደዚያ ይሸሻላ! ለሟቾች ጸሎት ሊያደርስ የሚመጣው ቄስ ደወል እየተደወለለት በአንደኛው ክፍል በኩል ያልፍ ነበር። እናቶቹን ያስደነገጠው ይህ ይሆን? ቄሱ በሌላ መንገድ፣ ያለ ደወል እንዲመጣ ተደረገ። ሞቱ አልቀነሰም። በአንደኛው ክፍል በጀርባ፣ በሁለተኛው በጎን ተኝተው ነበር የሚወልዱት። ይህም ተቀየረ። አሁንም ያው ነው። ዜመልቫይስ መልስ አላገኘም። ጥያቄውን ግን አልጣለውም።

በመጋቢት 1847 ወዳጁ ያኮብ ኮለችካ ሞተ። ኮለችካ የፎረንሲክ ሕክምና መምህር ነበር። ሬሳ ሲመረምሩ አንድ ተማሪ በቢላ ጣቱን ወጋው። ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ሞተ። ዜመልቫይስ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ሲያነብ ክው አለ። በወዳጁ ሰውነት ላይ የተገኘው ምልክት በሞቱት እናቶች ላይ ሲያየው የኖረው ነው። ኮለችካን የገደለው ቢላው ላይ የነበረ የሬሳ ነገር ከሆነ፣ እናቶቹንስ? ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ይመረምራሉ። አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። «እዚያስ ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱን አገኘ።

በግንቦት አጋማሽ ሁሉም ሰው ከምርመራ በፊት እጁን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠብ ታዘዘ። በሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። በሰኔ 2 ያህል ሆነ። በሐምሌ ወደ 1 ወረደ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያወራሁት በምክንያት ነው። የኮለችካን አሟሟት ብዙ ሰው ሰምቷል። ለሌሎቹ የሚያሳዝን ዜና ነበር፤ አዝነው አለፉ። ዜመልቫይስ ግን ለወራት አንድ ጥያቄ ይዞ ሲዞር ነበር። ታሪኩ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር። አዲስ ነገር መረዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄ ቦታ ያዘጋጃል፣ ታሪክ መጥቶ ይገባበታል። አንዱ ብቻውን ሲሆን ጎዶሎ ነው።

እዚህ ላይ «ታሪክ» ስል የነገሥታትን ታሪክ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ነገር ገጠመው፤ ከዚያ ይህ ሆነ፤ ከዚያ ያ ሆነ። በቃ። እንዲህ ያለውን ትረካ ማለቴ ነው።

«ገባኝ» ስንል

አማርኛ ለመረዳት የሚጠቀምበት ቃል ደስ ይለኛል። «ገባኝ» እንላለን፤ ነገሩ ከውጭ መጥቶ እኛ ውስጥ የተቀመጠ ያህል። ግን ብዙ ጊዜ የገባን የነገሩ ስም ብቻ ነው። ነገሩ ራሱ ገና በር ላይ ቆሟል።

ይህን በደንብ ያሳዩ ሁለት ተመራማሪዎች አሉ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ካይል። ጥናታቸውን ያሳተሙት በ2002 ነው። ሰዎችን ስለ ተራ ዕቃዎች ጠየቁ። ዚፕ እንዴት እንደሚሠራ ምን ያህል ታውቃላችሁ? የሽንት ቤት ውኃ መልቀቂያስ? ቁልፍስ? ሰዎቹ ለራሳቸው ጥሩ ነጥብ ሰጡ። ቀጥሎ እንዲህ ተባሉ፤ እስቲ እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ደረጃ በደረጃ ጻፉልን። ጽፈው ሲጨርሱ ዕውቀታቸውን እንደገና እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ነጥባቸው ወረደ።

ልብ በሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ማንም «አታውቁም» አላላቸውም። የተጠየቁት እንዲተርኩ ብቻ ነው። እጀታውን እጫነዋለሁ፣ ከዚያ ውኃው ይለቀቃል። እሺ፣ የሚለቀቀው በምን ምክንያት ነው? ከዚያስ የሚቆመው እንዴት ነው? ትረካ በ«ከዚያስ» የተሰፋ ነገር ነው። እያንዳንዱ «ከዚያስ» ላይ ደግሞ ክፍተት ካለ ክሩ ይበጠሳል። አንድን ጉዳይ በጥቅሉ ስናስበው ክፍተቱ አይታየንም። ስንተርከው ግን እግራችን ይገባበታል።

ስለዚህ አንድ ነገር «ገብቶኛል» ካላችሁ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ምንም ለማያውቅ ሰው እንደምታወሩ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ተርኩት። የተደናቀፋችሁባት ቦታ ቀጣይ ጥያቄያችሁ ናት። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ አንብቤ «አወቅሁት» ያልኩት ነገር ምን ያህል ቀዳዳ እንዳለበት እያየሁ እገረማለሁ። ስሜቱ መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ግን ያስደስታል፤ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ራሱ ግማሽ መንገድ ነውና።

ጥያቄ ራሱም ታሪክ ያስወልዳል። በ1987 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ሰዎች እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ተሰጧቸው፤ «የተራበው ሰው መኪናው ውስጥ ገባ።» አንዱ ቡድን አንብቦ ብቻ አለፈ። ሌላው ምክንያቱ ተጨምሮ ተሰጠው፤ ምግብ ቤት ለመሄድ ነው የገባው። ሦስተኛው ቡድን «ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ?» ተብሎ ተጠየቀና ምክንያቱን ራሱ ፈጠረ። በኋላ «መኪናው ውስጥ የገባው ማን ነበር?» ሲባሉ ራሳቸው ምክንያት የፈለጉት ከ100 ጥያቄ 72 ያህሉን መለሱ። የቀሩት ሁለቱ ቡድኖች 37 ያህል ላይ ቀሩ።

እኔን የሚገርመኝ መሃል ላይ ያለው ቡድን ነው። ምክንያቱ ተጽፎ በእጁ ተሰጥቶታል። ግን ምንም ካልተሰጠው ሰው አልተሻለም። የሰው ማብራሪያ ስናነብ ደስ ብሎን ያልፋል። የራሳችንን ስንፈልግ ግን ከዚህ በፊት የምናውቀውን ሁሉ እንጎረጉራለን። አዲሱ ነገር የሚጣበቀው በዚያ ጉርጎራ ነው። ለልጅ ወይም ለተማሪ ማስረዳት የምንወድ ሰዎች ይህን አጥብቀን ልንይዘው ይገባል። መልሱን ከመስጠታችን በፊት «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጥቂት መጠበቅ ከስንት ማብራሪያ ይሻላል።

ጄኔራሉና ዕጢው

አሁን አንድ እንቆቅልሽ ላቅርብላችሁ። አንድ ሰው ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለበት። በቀዶ ሕክምና ማውጣት አይቻልም። ዕጢውን የሚያጠፋ ጨረር ግን አለ። ጨረሩ ኃይለኛ ከሆነ ዕጢውን ያጠፋል፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ጤነኛ አካልም ያቃጥላል። ደካማ ከሆነ ጤነኛውን አይጎዳም፤ ዕጢውንም አያጠፋም። ምን ይሻላል?

አንብባችሁ ከመቀጠላችሁ በፊት ትንሽ አስቡበት።

ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1980 ባሳተሙት ጥናት ይህን እንቆቅልሽ ለሰዎች ሰጡ። ያለ ምንም እርዳታ ትክክለኛውን መልስ ያገኙት ከ10 ሰው 1 ያህል ነበሩ። ለሌሎች ግን አስቀድመው አንድ ታሪክ አስነበቧቸው። አንድ ጄኔራል በጠላት የተያዘ ምሽግ ማስለቀቅ ይፈልጋል። ወደ ምሽጉ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች አሉ፤ ሁሉም ላይ ፈንጂ ተቀብሯል። ጥቂት ሰዎች ሲያልፉ አይፈነዳም። ብዙ ሠራዊት ከረገጠው ይፈነዳል። ጄኔራሉ ሠራዊቱን ከፋፈለና በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት ላከ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ምሽጉ ላይ ተገናኙና ያዙት።

የዕጢውም መልስ ይኸው ነው። ደካማ ጨረሮችን ከተለያየ አቅጣጫ ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት።

የጄኔራሉን ታሪክ ያነበቡ ሁሉ ወዲያው የሚመልሱት አይመስልም? አልመለሱትም። ታሪኩን አንብበው በራሳቸው መልሱን ያገኙት ከ10 ሰው 3 ያህል ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ግን አንድ ፍንጭ ተሰጠ፤ ቅድም ያነበባችሁት ታሪክ ሊረዳችሁ ይችላል ተባሉ። ያኔ ከ4 ሰው 3ቱ መለሱት። ታሪኩ ያው ነው። የተጨመረው «ያ ነገር እዚህ ይሠራ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ብቻ ነው።

ይህን ጥናት ሳስብ አዝናለሁም፣ ተስፋም አደርጋለሁ። መልሱን በጭንቅላታችን ተሸክመን ምን ያህል ጊዜ ሳናየው እናልፍ ይሆን? ጄኔራሉ «ጦርነት» በሚል ሣጥን ውስጥ ነው፣ ዕጢው «ሕክምና» በሚል። ሣጥኖቹን የሚከፍት ጥያቄ ካልመጣ አይተያዩም። ታሪክ የሚቀመጠው በለበሰው ልብስ ነው። የምንፈልገው ግን ከልብሱ ሥር ያለውን አጥንት ነው።

አጥንቱን ለማየት የሚረዳ ነገር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ አግኝተዋል። ሰዎች አንድ ሳይሆን ሁለት ተመሳሳይ ታሪኮችን ጎን ለጎን ሲያነቡና «ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ያለ ፍንጭም የዕጢውን መልስ ማግኘታቸው ጨመረ። ሁለት ታሪክ ስናነጻጽር ልብሱ ይለያያል፤ የሚቀረው አጥንቱ ነው። ዜመልቫይስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለት ክፍሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በምን እንደሚለያዩ ፈለገ። ኋላ ደግሞ ሁለት አሟሟቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በምን እንደሚመሳሰሉ አየ። እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እወስዳለሁ፤ አንድ ታሪክ ሲገጥማችሁ ሁለተኛ ፈልጉለት።

ታሪኩ የግድ የሆነ ነገር መሆን የለበትም። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው ሥራ ውስጥ ሦስት ሰዎች እየተወያዩ ነው። በዘመኑ ብዙዎች ከባድ ድንጋይ ከቀላሉ ፈጥኖ ይወድቃል ብለው ያምናሉ። ከተወያዮቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል። ከባዱንና ቀላሉን ድንጋይ እናስራቸውና እንጣላቸው። ቀላሉ ቀርፋፋ ስለሆነ ከባዱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ አብረው ከባዱ ብቻውን ከሚወድቀው ይዘገያሉ። ግን ታስረው አንድ ሲሆኑ ከከባዱም ይከብዳሉ። ስለዚህ መፍጠን አለባቸው። የቱ ነው? ዘገዩ ወይስ ፈጠኑ? ምንም ድንጋይ አልተወረወረም። አዲስ መረጃ የሚባል ነገር የለም። የተተረከች ትንሽ ታሪክና አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ ለብዙ ዘመን የቆየውን እምነት ከራሱ ጋር አጋጩት።

ሁለቱም ሲያታልሉን

ታሪክ ኃይል አለው፤ ስለዚህ ያሳስታልም። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች አጭር ፊልም ሠሩ። በውስጡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች፣ አንዲት ትንሽ ክብና የሚከፈት የሚዘጋ ሳጥን ብቻ ናቸው ያሉት። ቅርጾቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይጋጫሉ። ያያችሁትን ጻፉ ተብለው ከተጠየቁ 34 ሰዎች አንዱ ብቻ ነው ስለ ቅርጾች የጻፈው። ሌሎቹ ሁሉ ስለ ሕይወት ስላላቸው ነገሮች ነው ያወሩት፤ ስለ ማሳደድ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ መሸሽ።

አእምሯችን እንዲህ ነው። የተበታተነ ነገር ሲያይ በዳይና ተበዳይ ይመድብለታል። ፈጥኖ፣ ሳይጠይቀን። ስለዚህ አንድ ታሪክ በጣም የሚጥም ሲሆን፣ ሁሉም ነገር ልክክ ሲል፣ ያኔ ነው ቆም ማለት ያለብን። ትክክለኛ ትረካ አብዛኛውን ጊዜ ልክክ የማይል ቁራጭ ይተርፈዋል። ያንን ቁራጭ የቆረጠው ማን ነው? ይህን ታሪክ ሌላኛው ሰው ቢያወራው ከየት ይጀምረው ነበር? በቤት ውስጥ ጠብም ሆነ በአገር ጉዳይ፣ «ከየት ይጀምረው ነበር» የምትለው ጥያቄ ብዙ ትሠራለች። ምክንያቱም ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የትረካው መነሻ ነው።

ጥያቄም ያታልላል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ «ሲጋጩ» በምን ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ጠየቁ። ለሌላው ቡድን በዚያው ጥያቄ ውስጥ ጠንከር ያለ ቃል አስገቡ፤ መኪኖቹ «ሲደቃቀቁ» እንደማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ለስላሳውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 7ቱ «አይተናል» አሉ። ጠንካራውን ከሰሙት 50 ግን 16ቱ። አንድ ግስ ነው ያልነበረ መስታወት የሰበረው። ልጅን፣ ምስክርን፣ ታማሚን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ብዬ እመኛለሁ። መልሱን በሆዱ የያዘ ጥያቄ የሚያመጣው የጠያቂውን ሐሳብ ነው።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለን። ፒተር ዌሰን በ1960 ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮችን ሰጥቶ በሆዴ የያዝኩትን ሕግ ፈልጉ አላቸው። እነሱ ሦስት ሦስት ቁጥር ይሰጣሉ፤ እሱ ሕጉን ይከተላል ወይም አይከተልም ይላል። ብዙዎቹ 8፣ 10፣ 12 አሉ። ይከተላል። 20፣ 22፣ 24። ይከተላል። «ሁለት ሁለት እየጨመረ የሚሄድ ነው!» አሉ። አይደለም። ሕጉ እያደገ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር ነበር። 1፣ 2፣ 3 ወይም 5፣ 40፣ 41 ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ግምታቸው ጠባብ እንደሆነ ያዩ ነበር። «አዎ» የሚያስመልስ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት። «አይደለም» ሊያስብለን የሚችል ጥያቄ መጠየቅ ይከብዳል። ግን አዲስ ነገር የሚመጣው በዚያ በር ነው።

ስንጠይቅ

ይህ ሁሉ በዕለት ሥራ ላይ ምን ይመስላል? እንበል አንድ ሰው በየወሩ የሚያቀርበው ሪፖርት ይዘገያል። አለቃው «ለምን ትዘገያለህ?» ይለዋል። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው።» «ለምን» በአማርኛ ብዙ ጊዜ ወቀሳ ሆኖ ነው የሚሰማው። የተወቀሰ ሰው ደግሞ ራሱን ይከላከላል። ሁለቱም ምንም ሳያውቁ ይለያያሉ።

አሁን በሌላ መንገድ እንሂድ።

«እስቲ ያለፈውን ወር ሪፖርት ከጀመርክበት ቀን አንስተህ ንገረኝ። መጀመሪያ ምን አደረግክ?»

«ቁጥሮቹን እንዲልኩልኝ ለሒሳብ ክፍል ጻፍኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጠበቅኩ። አራት ቀን ቆየ።»

«በሰዓቱ የደረሰበት ወር የለም?»

«አለ እንጂ! ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ።»

«ያኔ ምን የተለየ ነገር ነበር?»

«ያኔ... የምትልክልኝ ልጅ እረፍት ወጥታ ስለነበር ራሴ ገብቼ ከሲስተሙ አወጣሁት።»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም የማያውቁት ነገር ወጣ። ሰውየው ራሱም ያኔ ምን እንደተለየ አስቦት አያውቅም። «በአጠቃላይ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ የሰውን አስተያየት ያመጣል። «ባለፈው ጊዜ ምን ሆነ?» የሚለው ደግሞ የሆነውን። የመጨረሻዋ ጥያቄ ደግሞ የዜመልቫይስ ናት፤ ጥቂት ቃል ብቻ ቀይራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥያቄ በኋላ ዝም ማለት የጥያቄው አካል ነው። «ያኔ...» ብሎ የቆመ ሰው እያሰበ ነው። ያንን ዝምታ በራሳችን ግምት ከሞላነው የሰውየውን ሐሳብ ወሰድንበት። ከሁሉ በላይ መማር ያለብን ይህ ይመስለኛል፤ ከባድም ነው።

ገና ላልሆነ ነገርም መተረክ ይቻላል። ጋሪ ክላይን የተባለ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ያጠና የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚመክረው ዘዴ አለ። አንድ ዕቅድ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ይሰበሰባል። ከዚያ ይባላሉ፤ ዓመት አለፈ፣ ዕቅዱ ክፉኛ ከሸፈ፣ ምን ሆኖ እንደከሸፈ እያንዳንዳችሁ ጻፉ። «የሚያሰጋ ነገር አለ?» ሲባል ዝም የሚለው ሰው እዚህ ላይ ይናገራል። መክሸፉ ተወስኗል፤ እሱ የሚጠበቅበት መተረክ ብቻ ነው። አለቃውን የተቃወመ አይመስልበትም።

የመጀመሪያው አልጋ

የዜመልቫይስ ታሪክ በክሎሪኑ ውህድ አላበቃም። መልስ አግኝቷል፤ ትኩሳቱ የሚመጣው በሐኪሞች እጅ ከሚጓዝ የሬሳ ነገር ነው። ቁጥሩም መስክሮለታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጠየቅ ያቆማል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት አንዲት እናት ወደ አንደኛው ክፍል ገባች። የማህፀን ካንሰር ነበረባት፤ ቁስሉ ይፈሳል። የተኛችው የመጀመሪያው አልጋ ላይ ስለነበር ሐኪሞቹ የጉብኝት ምርመራቸውን ከእሷ ይጀምሩ ነበር። እሷን ነክተው እጃቸውን በሳሙና ብቻ ይታጠቡና ወደ ቀጣይዋ ያልፋሉ። አብረዋት ከወለዱት 12 እናቶች 11ዱ ሞቱ።

እዚህ ሬሳ የለም። ሁሉም ሲገቡ በክሎሪን ታጥበው ነው የገቡት። ዜመልቫይስ ይህን «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ያገኘው መልስ ሳይነካ ይቀርለት ነበር። ግን ያንኑ ጥያቄ እንደገና አነሳ። ባለፉት ወራት ያልሞቱት፣ አሁን ለምን? ምን ተለየ? መልሱን አሰፋው። ገዳዩ ነገር በሕይወት ካለ ሰው ቁስልም ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ብቻ ሳይሆን፣ ከአንዷ እናት አልጋ ወደ ሌላዋ ሲሄዱም በክሎሪን እንዲታጠቡ አዘዘ።